ግመል የሌለበት መጽሐፍ

የጻፍኩት መጽሐፍ ከሀና ማርያም ተነሥቶ ነፋስ ስልክ ይደርሳል፤ ከዚያ አያልፍም። መሥሪያ ቤቴ እዚያ ነው። ለዓመታት ጠዋትና ማታ ታክሲ ስጠብቅ ያየሁትንና የሰማሁትን ሰብስቤ ስጨርስ፣ ርእሱ ውስጥ «ጉዞ» የምትል ቃል አስገባሁ። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህች ቃል ነው።

ሽፋኑን ለማሠራት ለቡ መብራት ኃይል አንድ ፎቅ ላይ ቢሮ ወዳለው ወጣት ዲዛይነር ሄድኩ። የሠራቸውን ሽፋኖች ግድግዳው ላይ ሰቅሏቸዋል፤ ስልኩን አውርቶ እስኪጨርስ እያየኋቸው ቆየሁ። ስለ ስደት የተጻፈው መጽሐፍ ላይ ወደ አድማስ የሚጠፋ መንገድ አለ። ስለ ትዳር የተጻፈውም ላይ ያው መንገድ። ስለ ስኳር በሽታ የተጻፈው ላይ መንገዱ ጠመም ብሏል። ሁሉም ላይ ፀሐይ እየጠለቀች ነው፤ ሁሉም ላይ ጀርባውን የሰጠን አንድ ሰው ቆሟል። ያገሬ ደራሲ በሙሉ ከአንባቢው የተጣላ መሰለኝ።

የምፈልገውን ነገርኩት። የእኔ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ነው የሚጓዘው። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ የታክሲ ሰልፍ ይሁን፣ ሰልፉም ከኋላ ይታይ፤ ነጠላ፣ ኮፍያ፣ ከእናቱ ጀርባ የተንጠለጠለ የሕፃን እግር። ታክሲ ግን ጨርሶ አይኑርበት አልኩት። በትዕግሥት ሰማኝና፣ ሰልፍ የሚያይ ሰው ዘይት የሚከፋፈል ነው የሚመስለው፣ ማንም መጽሐፍ ነው ብሎ አይጠጋም አለኝ። ለአንባቢ ጉዞ ማለት ርቀት ነው፣ ርቀት ደግሞ ባዶ ቦታ ይፈልጋል ብሎም አስረዳኝ። ከሀና ማርያም እስከ ነፋስ ስልክ ባዶ ቦታ ከየት እንደሚገኝ ስጠይቀው፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሞልቷል አለኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የላከልኝ ሽፋን ላይ አሸዋ ነበር። አሸዋው መሃል አንድ ግመል ይሄዳል።

ደወልኩለት። «መጽሐፉ ውስጥ እኮ ግመል የለም» አልኩት።

«ጋሼ፣ ግመሉ እርስዎ ነዎት» አለኝ።

ይህን ለባለቤቴ ስነግራት ሥዕሉን ስልኬ ላይ ትኩር ብላ አየችና፣ አንገታችሁ አካባቢ ትመሳሰላላችሁ አለችኝ። ሰው የሚገዛው ሽፋን አይቶ ስለሆነ ከልጁ ጋር እንዳልከራከርም መከረችኝ። ማተሚያ ቤቱም እየቸኮለ ነበር። እሺ አልኩ።

መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ ሌላ ጉድ ተጨመረበት። ሽፋኑ ሲታጠፍ ተዛብቶ የግመሉ ራስ ከፊት ለፊቱ ጠፍቷል፤ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ሲቆም በሚታየው ጠባብ ጎን ላይ ነው ያረፈው። ፊት ለፊት የቀረው አንገት፣ ሻኛና አሸዋ ነው። እንዳልመልሰው የምረቃው ጥሪ ተበትኗል።

ምረቃው እዚያው ሰፈራችን ባለ አዳራሽ ተደረገ። መጽሐፉን እንዲዳስስ የተጋበዘው ሐያሲ፣ የውስጡን ነገር ለአንባቢ እንደሚተወው ገልጾ ስለ ሽፋኑ ብቻ ተናገረ። አሸዋው የዘመናችን ሰው ባዶነት ሆነ። ሲታተም ቀለም ያለቀበት ጥግ የትዝታ ጥላ ሆነ። ግመሉ ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ራሱ የት ሄደ? መጽሐፉን አዙራችሁ ጎኑን እዩት። የመንገደኛ ሐሳብ ከአካሉ ቀድሞ ይደርሳል ማለት ነው» አለ።

አዳራሹ ሙሉ ሰው መጽሐፉን እኩል አዞረ። ከዚያ ተጨበጨበ። ዲዛይነሩ ከፊት ረድፍ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ።

በጥያቄ ሰዓት፣ ጠዋት ጠዋት ታክሲ አብረን የምንጠብቅ አንዲት ጎረቤቴ እጇን አወጣች። ግመሉ ወደ ሥራ እየሄደ ነው ወይስ ከሥራ እየተመለሰ ብላ ጠየቀች። ሐያሲው ድንቅ ጥያቄ ነው ብሎ ካመሰገናት በኋላ ወደ እኔ መራው። ተነሥቼ እውነቱን ተናገርኩ። ሰልፍ እንዲሳልልኝ ነበር የጠየቅሁት፣ ግመል አላዘዝኩም፣ ራሱም ጎን ላይ የሄደው በኅትመት ስሕተት ነው አልኩ። ሐያሲው ማይክራፎኑን ተቀብሎኝ እንደ ታማሚ በርኅራኄ አየኝ።

«ደራሲ መጽሐፉን ከሁሉም ሰው በኋላ ነው የሚረዳው» አለ።

ከቅድሙ የበለጠ ተጨበጨበ። እኔም ሳላስበው አብሬ አጨበጨብኩ። በማግሥቱ ብቻዬን ሆኜ መጽሐፉን አነሣሁና ያንን ራስ ደጋግሜ አየሁት። ተናድጄ ነበር፤ ግን እውነት ለመናገር፣ በዕድሜዬ ስለ እኔ እንደዚያ ተጨንቆ ያሰበ ሰው አልነበረም። ለጥቂት ቀናት ያህል ሐሳቤ ከአካሌ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነኝ ብዬ መሥሪያ ቤት ዐርፍጄ ገባሁ።

ቆይቶ አንድ ጠዋት ሰልፍ ላይ ከፊቴ የቆመች የማላውቃት ሴት በጋዜጣ የተለበጠ መጽሐፍ ታነባለች። በትከሻዋ በኩል ዓይኔን ስጥል ገጹ የእኔ ነው። ሰልፍ ጥሶ ስለገባ ሰውዬ የጻፍኩት ጋ ደርሳ ብቻዋን ትስቃለች። እኔ ያንን የጻፍኩት በንዴት ነበር። ማንነቴን ሳልናገር፣ ሽፋኑን ለምን ጋዜጣ እንዳለበሰችው ጠየቅኋት።

«ግመሉን ያየ ሁሉ ዓረብ አገር ልትሄጂ ነው ወይ እያለ አላስነብብ አለኝ» አለች። «ውስጡ እኮ ስለዚሁ ስለ እኛ ሰልፍ ነው። የጻፈው ሰውዬ እዚህ ይቆም ነበር አሉ።»

ይቆም ነበር ማለቷ ደስ አለኝ፤ የሆነ ቦታ የደረስኩ መሰለኝ። ታክሲው መጣ። እሷ መጽሐፉን ሳታጥፍ ገባች፤ ለእኔ ቦታ አልተረፈም።