በአክስቴ ባል ስም

የበደለችኝ የአክስቴ ልጅ ናት። በእኛ አቆጣጠር በሰማኒያዎቹ አጋማሽ፣ ካርቱም ውስጥ፣ የዝናቡ ወቅት ሊገባ ሲል፣ በአንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ፊት ቆማ። ስሟን አልጽፍም። የሚያውቋት ያውቋታል። ልጆቿ አማርኛ ማንበብ አይችሉም፤ ቢችሉ ኖሮ እጽፈው ነበር።

"ካርቱም ያደረሰችሽ እሷ አይደለችም ወይ?" የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው። አባቴ የሞተው እኔ አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ የባዮሎጂ ሁለተኛ ዓመቴን እንደጨረስኩ ነው። እናቴንና ታናናሾቼን የሚረዳ አልነበረም። የአክስቴ ልጅ ካርቱም፣ ዐማራት በሚባለው ሰፈር በአንድ ቪላ ትሠራ ነበርና "ነይ፣ ሥራ አለ" ብላ ላከችብኝ። በመተማ በኩል ያለ ፓስፖርት ገባሁ።

ለመኖሪያ ፈቃዱ፣ እዚያ ኢቃማ ለሚሉት፣ እህቷ ነኝ ብላ አስመዘገበችኝ። አሠሪዋ ዋስ የሚሆነው ለእህቷ ብቻ ነው አለች። እናቶቻችን እህትማማቾች ናቸው። የእሷ አባት እስላም፣ የእኔ ክርስቲያን ነበር፤ ወሎ ውስጥ ይህ ለማንም ብርቅ አይደለም። እናም ወረቀቱ ላይ አዲስ ስም፣ ከሥሩም የአባቷና የአያቷ ስም ተጻፈልኝ። "ወረቀት ነው እኮ፣ አንቺ ያው አንቺ ነሽ" አለችኝ። አልተከራከርኩም። አገራችን የአክስት ልጅ እህት ነው የምትባለው።

የቤቱ ልጅ ለሁለተኛ ደረጃ ፈተና ትዘጋጅ ነበር። ዐረብኛ ማንበብ ከለመድኩ ወዲህ፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታና ቤቱ በሙሉ ሲተኛ መጽሐፏን ወስጄ አነብ ነበር። የማውቀው ነገር ሁሉ በዐረብኛ ስሙ ጠበቀኝ። ሴል ኸሊያ ሆኗል። ያኔ የሱዳን ኮሌጆች ትምህርታቸውን ወደ ዐረብኛ አዙረው ስለነበር፣ ቃል በቃል መልሼ መማር ነበረብኝ። ተማርኩ። ዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ውስጥ አብራኝ የነበረች ጓደኛዬ ትራንስክሪፕቴን ከአዲስ አበባ በቀጥታ ወደ አንድ ኮሌጅ አስላከችልኝ።

የሬጅስትራር ሠራተኛዋ መነጽሯን ደረቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ነበረች። የእኛን የክሬዲት ሰዓት አታውቀውም። ከትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጋር ሆነው የእኛን ኮርሶች ከእነሱ ጎን እያስተያዩ አንዱን ተቀበሉ፣ አንዱን ጣሉ። ሁለት ዓመቴ አንድ ዓመት ሆነ። "ሁለተኛ ዓመት ትገቢያለሽ" አለችኝ። ወደ ቤት ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሳቄ አላባራ ብሎኝ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ቦታ ቀየረች።

የቀረው የስሙ ጉዳይ ብቻ ነበር። ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው ስምና ኢቃማው ላይ ያለው አይገናኙም። ሴትዮዋ ትምህርት ሳይጀመር ፍርድ ቤት ሄጄ ትክክለኛ የአባቴን ስም በሁለት ምስክር እንዳስመሰክር ነገረችኝ። አንደኛው ምስክር የቤተሰብ ሰው መሆን አለበት። በመዝገብ የሚታወቀው ቤተሰቤ ደግሞ የአክስቴ ልጅ ብቻ ናት።

"እትዬ፣ የአክስቴ ልጅ ናት ማለት ብቻ ነው" አልኳት፤ ወጥ ቤት ውስጥ ነበርን።

"ዋሽታ ነበር ብለው ካገር አውጥተው ቢጭኑኝስ?"

"ጠይቄያለሁ። ብዙ ሐበሻ እንዲህ እያለ ያስተካክላል አሉኝ።"

ሳቀች። "የኔ ዶክተር! አንቺ የእንቁራሪት ሆድ ስትሰነጥቂ የእኔን ሰሐን ማን ሊያጥብልኝ ነው?" ከዚያ ትከሻዬን መታ አደረገችኝ። "ኢንሻአላህ እሄድልሻለሁ። ያላ፣ አሁን ሽንኩርቱን ክተፊ።"

ከተፍኩ።

በቀጠሮው ቀን ደህናውን የሱዳን ቶቧን ተጠቅልላ፣ እጇን ሂና ተቀብታ መጣች። ሁለተኛው ምስክር ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ ያገራችን ሽማግሌ ነበሩ። ጸሐፊው የሻይ ብርጭቆውን ወረቀቶቹ ላይ አስቀምጦ "ይህች ልጅ ምንሽ ናት?" አላት።

"እህቴ ናት።"

"የአክስት ልጅ ተብሎ ነው የቀረበው።"

"ወላሂ እህቴ ናት። ከአንድ አባት። እናታችን ከሞተች ወዲህ ሐሳብ በዝቶባት ነው። ሙቀቱም አልተስማማትም።"

እናቴ በሕይወት ነበረች።

ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። "አባባ፣ ይንገሩት እንጂ! አባቴን ያውቁታል፤ ወሎ ባንድ ገበያ ነግዳችኋል።"

ኮፍያቸውን አስተካከሉ። "ልጄ፣ እሷ ቤተሰብ ናት። በቤተሰብ ነገር እኔ ምን አፍ አለኝ?"

ጸሐፊው አዘነልኝ። ሻዩን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ "ጠጪ፣ ልጄ። ከእህትሽ ጋር ቤትሽ ግቢና ዕረፊ" አለኝ። ደግ ሰው ነበር። ሻዩን ጠጣሁት፤ ሌላ የማደርገው አላገኘሁም።

ውጭ ኒም ዛፉ ሥር እጄን ያዘችኝ። "ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ? አንቺ ብቻሽን ነሽ። ደግሞ ስሙ ምን አደረገሽ? እንጀራ እየበላሽበት አይደል?"

ፈርታ ነው ይሉኛል። እኔም ፈርቼ ነበር። እምቢ ማለት ትችል ነበር፤ እዚያው ሽንኩርቱ ላይ እምቢ ብትለኝ ሌላ ሰው እፈልግ፣ ሌላ መንገድ እሞክር ነበር። ከመሐላዋ በኋላ ግን የሚሰማኝ ጠፋ። አባቴ አባቴ መሆኑ እዚያች ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ፊደል ያስቆጠረኝ፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤቴን ለሰፈሩ ሁሉ ያሳየ ሰው ነበር።

ሬጅስትራሯ ምዝገባው እስኪዘጋ ቦታዬን ጠበቀችልኝ። በመጨረሻው ቀን ሄጄ ትራንስክሪፕቴን ተቀበልኩ።

በዚያው ሳምንት ከዐማራት ወጣሁ። ካፉሪ ሰፈር ሰው ቤት ገባሁ፣ ኋላም እዚያው ካርቱም አል-ጣኢፍ ሰፈር። አገሬ እስክመለስ ድረስ በአክስቴ ባል ስም ሠራሁ። ዩኒቨርሲቲ ተመልሼ አልገባሁም። የአክስቴን ልጅ በለቅሶና በሠርግ አገኛታለሁ። ስለ ልጆቿ ደህንነት እጠይቃታለሁ። እትዬ ማለቴን ትቻለሁ። በስሟ ነው የምጠራት።