አንበሳው እስኪበላ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ጠዋት ጠዋት ነበር። ዓረብ አገር፣ አል ካራማ የሚባል ሰፈር በነበረችው ጠባብ ቤታችን፣ የጋዝ ምድጃው ሰማያዊ ነበልባል ሲንቀለቀል፣ በላዩ የተጣለው ኹብዝ፣ የዓረቦቹ ቂጣ፣ ጠርዙ አሮ ጭሱ ኩሽናውን ሲሞላው፣ እትዬ ዘይነባ እጃቸው ሥራ ላይ እንዳለ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጀምሩልን ነበር። ያኔ ኮሮና የገባበት ዓመት ነው።

አባዬ ሹፌር ነበር። ጭነት ይዞ ሌላ ከተማ፣ አል አይን እንደደረሰ በከተሞቹ መካከል ያለው መንገድ ተዘጋና እዚያው ቀረ። እማዬ ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ ፅዳት ትሠራ ስለነበር በሽታው ያዛት። ሊወስዷት ሲመጡ በሩ ላይ ቆማ፣ እንዳትነካን እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ፣ «ሳራ፣ ወንድምሽ እንዲበላ አድርጊ» አለችኝ። እኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ናቲ ገና መዋለ ሕፃናት።

ከእኛ ጋር የቀሩት የእማዬ ወዳጅ እትዬ ዘይነባ ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ኸሊፋ ሲቲ የሚባል ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ ለብዙ ዓመት ምግብ ሲያበስሉ ኖረዋል። አሠሪያቸው ማዳም ቤተሰቧን ይዛ ውጭ አገር ሳለች በረራ ስለቆመ፣ እሳቸው እኛ ጋ መጥተው ነበር።

ናቲ እማዬ ከሄደች ጀምሮ እህል በአፉ አልዞር አለው። ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ካርቱን ብከፍትለት ጥርሱን ነክሶ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ከንፈሩ ደርቆ ሳየው እማዬ በር ላይ ያለችኝ ትዝ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት እትዬ ዘይነባ ኹብዙን እሳቱ ላይ አሳርረው ፈረፈሩት፤ በቅቤና በበርበሬ አሹት፤ በላዩ ቴምር ቆራርጠው ጣሉበትና እርጎ አፈሰሱበት። እኔ አፍንጫዬን ያዝኩ።

«እትዬ፣ ይሄ ዊርድ ነው!»

«ዊርድ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እንግዳ ነገር ማለት ነው።»

«እንግዳ ከሆነማ ወንበር አምጪለት» አሉና ሳህኑን ይዘው ከናቲ ጀርባ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እሱን አልጠሩትም። ለራሳቸው እየጎረሱ፣ ምግብ ስላስጠላው አንድ አንበሳ ማውራት ጀመሩ። አራዊቱ ሁሉ የሰባ የሰባውን ቢያመጡለትም አንበሳው ዞር ብሎ አላየም። በመጨረሻ ኤሊ አንዲት ክዳን ያላት ድስት ይዛ መጣችና፣ «ይሄ የአንተ አይደለም፣ የእኔ ቁርስ ነው» ብላ ደጁ ላይ ተቀምጣ መብላት ጀመረች። እዚህ ጋ ሲደርሱ እትዬ ዘይነባ ጎረሱና ዝም አሉ።

ናቲ ጠበቀ፣ ጠበቀና ዞረ። «ድስቱ ውስጥ ምን ነበር?»

«እኔ እንጃ። የቀመሰ ነው የሚያውቀው።»

አፉን ከፈተ። ከዚያ በኋላ አንድ ጉርሻ፣ አንድ ቁራጭ ተረት ሆነ። በየቀኑ ድስቷ ውስጥ ሌላ ነገር ይገኝ ነበር፤ አንዴ በስኳርና በሄል የተቀቀለ ሩዝ በእንቁላል፣ አንዴ በወተት የበሰለ መኮሮኒ ከተቆላ ሰሊጥ ጋር። የጤፍ ዱቄት ካለቀ ቆይቷል፤ እትዬ ዘይነባ ግን ሱቁ በር ላይ ያስቀመጠልንን ከረጢት ሲከፍቱ ሁልጊዜ ስጦታ እንደመጣለት ሰው ነበሩ።

ከዕለታት አንድ ቀን ግን ስነቃ ኩሽናው ፀጥ ብሏል። የእትዬ ክፍል በር ተዘግቷል፤ ከውስጥ ሳል ይሰማል።

«እንዳትገቢ ሳራዬ። ትኩሳት ይዞኛል። ለአባትሽ ደውያለሁ፤ ሐኪም ይልክልናል። ዛሬ ኩሽናው ያንቺ ነው፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ።»

ናቲ እጄን ጨምድዶ ያዘ። «እሳቸውንም ይወስዷቸዋል?»

እጁን እንደያዝኩ ወደ ኩሽና ወሰድኩት። ማቀዝቀዣውን ከፈትኩ። ያደረ ድንች፣ ግማሽ ቆርቆሮ ሽምብራና አንድ ሙዝ ነበር። ድንቹን በቅቤ ጠበስኩት፤ ሽምብራውን ከበርበሬ ጋር ደፋሁበት፤ ሙዙን ክብ ክብ አድርጌ ጠብሼ ከላይ ደረደርኩት። ከዚያ ተረቱን ጀመርኩ፤ ግን ከድንጋጤዬ የተነሳ መሀሉ ጠፋብኝና ኤሊዋን አሳመምኳት። አንበሳው ድስት ተሸክሞ ሊጠይቃት ሄደ።

«ተሳስተሻል!» ብሎ ጮኸ ናቲ። «የታመመው አንበሳው ነው!» ዓይኖቹ እንባ ሞሉ፤ እኔም ማንኪያውን ላስቀምጠው ነበር።

ከበሩ ወዲያ ሳል ተሰማ፤ ከሳሉ ቀጥሎም ያ ዝቅ ያለ ድምፅ መጣ።

«ተዋት ናቲ፣ የሷ ኤሊ ሌላ ናት። ሳራ፣ ጮክ በይ እስቲ፣ እኔም ልስማው።»

ጮክ አልኩ። አንበሳውን አልጋዋ አጠገብ አስቀመጥኩት፤ ስለ ዝናብ አስወራሁት፤ ሽምብራውን በመዳፉ እየደቆሰ አጎረሳት። ናቲ ሳይታወቀው ሳህኑን ጨረሰ። ለእትዬ በር ላይ ያስቀመጥኩት ሳህንም ባዶውን ወጣ።

እትዬ ዘይነባ በሽታው ቀለል አድርጎ ስለያዛቸው ሐኪሞቹ እዚያው ክፍል እንዲቆዩ ፈቀዱላቸው፤ ዳኑም። እማዬ ከስታ፣ ግን በእግሯ ቆማ መጣች። መንገዱ ሲከፈት አባዬ ገባ። እትዬም በረራ ሲጀመር ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

አሁን አል አይን እየተማርኩ ከጓደኞቼ ጋር እኖራለሁ። ዓርብ ዓርብ ጠዋት ምጣዱ ላይ የማደርገውን እያዩ ይስቁብኛል፤ ሲቀርብ ግን ቀድመው የሚጨርሱት እነሱ ናቸው። የእትዬን ተረቶች አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ፤ የቀሩኝም ትክክለኛ መሆናቸውን እንጃ። የቀረልኝ ድፍረቱ ነው። ፈተና ቢመጣ፣ ሥራ ቢመጣ፣ ሰው ታሞ አጠገቤ ቢተኛ፣ መሀሉን ሳላውቅም ቢሆን መጀመር እችላለሁ። ሲጠፋብኝም ቁጭ ብዬ አላለቅስም፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ እቀጥላለሁ።