የኦቦ ፈይሳ አሜን

ልጆቼ፣ ጦር ይዛችሁ ወደ ሸምበቆው ለመግባት ስትቸኩሉ ሳይ ጎረቤቴ ኦቦ ፈይሳ ትዝ ይለኛል። ባኮ ላይ በቆሎው እሸት የያዘበት፣ ዝናቡ ገና ያላባራበት ወር ነበር። ከርከሮ ማሳችንን እያወደመ ስላስቸገረን፣ ሁለታችን ውሻ አስከትለን ማለዳ ወጣን። በእኛ ጸሎት ቤት አንዱ ጮክ ብሎ ይጸልያል፣ ሌላው በየመሃሉ «አሜን» ይላል። ማሳው ዳር እንደዚያው አደረግን። እኔ አሳጥሬ ስዘጋ፣ «ኦቦ ደሬሳ፣ የራበው ሰው ነው እንዲህ የሚጸልይ» ብሎ ሳቀብኝ።

ዱካው ትኩስ ነበር፤ ውሃ እንኳ አልሞላውም። ወደ ወንዙ ሸምበቆ ወሰደን። ውሻው ሲጮህ ከርከሮው ወጣ፤ ጦሬን ወረወርኩ። ጎኑን አገኘው፣ ግን ዘንጉ ተሰበረ። አውሬው ቆስሎ ኦቦ ፈይሳ ላይ ዞረ፤ ጭኑን በክራንቻው ቀደደው። የእሱ ጦር ከእጁ አምልጦ ከኋላዬ ራቅ ብሎ ወደቀ።

ከርከሮው እላዩ ላይ ቆሞ ያናፋል። እኔ ባዶ እጄን ነኝ። ሌላ የማውቀው ነገር ስላልነበረኝ «ጌታ ሆይ፣ ድረስልን!» ብዬ ጮህኩ። አውሬው ወደ እኔ ዞረ። ትንፋሽ ልውሰድ ስል ኦቦ ፈይሳ ከተጋደመበት «አሜን» አለ። አውሬው ተመልሶ ወደ እሱ!

«ዝም በል እንጂ፣ ኦቦ!»

«ልማድ ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ አላቋረጥኩም፤ ካቆምኩ አሜን ሊል ነው። የልጆቼን ስም፣ የላሞቼን፣ የማውቀውን መዝሙር ሁሉ ደባልቄ እየጸለይኩ ወደ ጦሩ አፈገፈግሁ። ከርከሮው ድምፄን ተከትሎ መጣ። ጦሩን አንስቼ መሬት ላይ አስደግፌ ያዝኩት፤ ራሱ ሮጦ ተሰካበት።

ጋቢዬን የኦቦ ፈይሳ ጭን ላይ አጥብቄ አሰርኩ፤ ደሙ ግን አልቆም አለ። ያን ሰሞን ኔትወርክ ተዘግቶ ስለነበር ስልክ አይሠራም። ጮኼ ሰው ጠራሁ፤ በቃሬዛ ተሸክመነው ወደ ከተማው ጉዞ ጀመርን። መንገድ ላይ ዓይኑን ገልጦ፣ «ያን ጸሎት ዝጋው እንጂ፣ አሜን ልበል» አለኝ።

«ጌታ ሆይ፣ ወንድሜን አትርፍልኝ» አልኩ።

«አሜን» አለ።

«ቤቱ አግባልኝ» አልኩ። ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

«በእጅህ ነን» አልኩ። ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠጋሁ። ምንም የለም።

ጌታ ለምን እንዳልሰማኝ ዛሬም አላውቅም፤ የማውቅም አይመስለኝም። ሌላ የምሄድበት ደጅ ግን የለኝምና ጠዋት ጠዋት እጸልያለሁ። «በእጅህ ነን» ካልኩ በኋላ ትንሽ እጠብቃለሁ። ከዚያ አሜኑን እኔው እለዋለሁ።