የጎሐ ጽዮኗ ሴት

በወልደአረጋይ ላይ ከፈረዱት ሦስት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነኝ። የሁለቱን ጥፋት አላውቅም፣ የእኔ ግን ይብሳል፤ መዶሻውን የሸጥኩለት እኔው ነኝና። መዶሻ ይዞ ውሽማው ጋ የሚሄድ ሰው በየትኛው አገር አለ? ይህን ለማሰብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። በቃ፣ አላሰብኩትም።

ወልዴ ካዛንቺስ ያለ አንድ ባለ ዘጠኝ ፎቅ መሥሪያ ቤት የሊፍት ሠራተኛ ነው። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቁልፍ ሲጫን ይውላል፤ ሰው ያወጣል፣ ሰው ያወርዳል። ሊፍቱ ሲበላሽ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ መበላሸቱን ይናገራል። እኔ በድሉ እባላለሁ፤ ጎሚስታ ነኝ፣ ወደ ኦሎምፒያ በሚወስደው መንገድ ዳር ጎማ እለጥፋለሁ። የምንኖረው አንድ ግቢ ነው። በመካከላችን ያለችው የጭቃ ግድግዳ ስስ ስለሆነች እሱ ሲያስነጥሰው እኔ ከዚህ ማዶ «ይማርህ» እለዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በ1985 ዓ.ም. ነው። ለዘመድ ለቅሶ ደብረ ማርቆስ ሲሄድ አውቶቡሱ ዓባይ በረሃ መሀል ጎማው ፈነዳ። የለጠፈውን ጎሚስታ እግዜር ይየው! ሰዉ ጥላ ፍለጋ ሲበተን ወልዴ መንገድ ለማውጣት የተቆረጠ ነጭ ገደል ሥር ተቀመጠ። ቀና ሲል አፍንጫው ፊት አንድ ዛጎል። የባሕር ዛጎል ነው፣ ከነሸንተረሩ፣ ግን ድንጋይ ሆኗል። በጥፍሩ ሊያወጣው ሲታገል አውቶቡሱ ጥሎት ሊሄድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በወር ሁለት እሑድ ማለዳ ተነስቶ ጎሐ ጽዮን ይሄዳል፤ ከዚያ በእግሩ ወደ በረሃው ይወርዳል። እኔንም «አንድ ቀን እንሂድ» ብሎ ለምኖኝ ያውቃል። «እሑድ ጎማ አይፈነዳም እንዴ?» ብዬ ቀረሁ። ሲያወራው ግን የሄድኩ ይመስለኛል። ዝናብ በዘነበ ማግስት ይሻላል፤ ገደሉ ይታጠብና የረገፈው ሁሉ መንገድ ዳር ይከማቻል። ድንጋዩን ፊት ለፊት አታየውም፤ ፀሐይዋ ጋደል ስትል በጎን ነው የምታየው፣ ጥላ እንዲሠራልህ። መዶሻው የሚነካው ዳር ዳሩን ነው፤ መሀሉን የመታ ሰው ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የጥርስ ብሩሽ ነው። ከበላዩ ተሳቢ መኪና እያቃሰተ ይወጣል፣ ዝንጀሮ ምሳውን ይሰርቀዋል፣ ሹፌሮች ፍጥነት ቀንሰው «ምን ጠፋብህ?» ይሉታል። «ባሕር» ይላቸዋል። አንዱ አዝኖለት ዳቦ ወርውሮለት ሄዷል።

ሚስቱ ለተሚካኤል ትባላለች። ሰንጋ ተራ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ናት። ቀልድ ታውቃለች፣ ግን ለማን እንደምትቀልድ ትመርጣለች። ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ሲኖሩ ልጅ አልሰጣቸውም። ይህን መናገር አለብኝ፤ ያለሱ ነገሩ አይገባችሁም። ልጅ በሌለበት ቤት፣ በወር ሁለት እሑድ የሚጠፋ ባል ምን ይባላል?

ማስረጃዋም የዋዛ አልነበረም። ሸሚዙን ተኩሶ ነው የሚሄደው። ወልዴ «አውቶቡስ ውስጥ ሰው እንዲያከብረኝ ነው» ይላል፤ ማን ያምነዋል? የጥርስ ብሩሹ ደግሞ አለ። «ጥርስ ብሩሽ ይዞ ወጥቶ ከጥርሱ ሌላ ነገር የሚቦርሽ ሰው አሳዩኝ!» ትላለች። ድንጋዮቹስ ሲሏት፣ ድንጋይማ የትም አለ፣ ሲመለስ እኔን ለማሞኘት ከመንገድ ያነሳል ነው መልሷ። አልጋው ሥር ተከምረው አሥራ ስምንት ዓመት ዙሪያቸውን ጠረገች እንጂ አንድም ቀን አንስታ አላየቻቸውም።

በ2003 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ትዕግሥቷ አለቀ። የሰኞ የመቀሌ አውቶቡስ ቲኬት ቆርጣ ሻንጣዋን በር ላይ አቆመች። «የጎሐ ጽዮኗን ሴት ነገር አምኖ ይቅርታ ካልጠየቀኝ ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ፤ ሄድኩ ማለት ሄድኩ ነው» አለች። ወልዴ መጥቶ የጎማ ቁልል ላይ ተቀመጠና «በድሉ፣ እሷ ከሄደች እኔ የት ነው የምገባው?» አለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ለሽምግልና ተቀመጥን። ሰብሳቢው የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ደጋጋ ናቸው። ሁለተኛው ጋሽ ሃብተአብ ናቸው፤ ጆሯቸው ብዙ አይሰማም። ሦስተኛው እኔ፤ ፀጉሬ ያለጊዜው ስለሸበተ ለሽምግልና እፈለጋለሁ።

«እመን፣ ልጄ» አሉት ጋሽ ደጋጋ። «ጥፋተኛ በሌለበት እርቅ የለም። ማንን ከማን ነው የማስታርቀው?»

«ጋሼ፣ ሴት የለችም» አለ ወልዴ።

«ከሌለችማ ብታምን ማን ይጎዳል? ያለች ሴት ብትሆን እኮ ስሟ ይጠፋል፣ ቤተሰቧ ያፍራል። የሌለች ሴት ምን ትሆናለች?»

እኔ ራሴን ነቀነቅሁ። ለዚህ ንግግር እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። ጠጋ ብዬም «ወልዴ፣ ሻንጣው በር ላይ ነው። እመንና ገላግለን» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልክድም።

ወልዴ ሻንጣውን አየ። «እሺ፣ አለች» አለ።

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ ሃብተአብ።

«ሴትዮዋ አለች አለ!» ብዬ ጮህኩላቸው፤ ግቢው ሁሉ ሰማ።

«ስሟስ?» አሉ ጋሽ ደጋጋ። ወልዴ ጣሪያውን አየ፣ ወለሉን አየ፣ ላብ አጠመቀው። «ቢሊሴ» አለ በመጨረሻ።

ለተሚካኤል ወደ እሱ ዞረች። «ቆንጆ ናት?» አለችው።

የሌለች ሴት መልክ ከየት ይምጣ? ወልዴ ሚስቱን አያት። «እንዳንቺ አይደለችም» አለ። እሷም ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች። «አውቄዋለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አውቄዋለሁ» አለች።

ጋሽ ደጋጋ ፊታቸው በራ። «በሉ፣ ድንጋይ ይምጣ!» አሉ። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ አጥፊ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ያጎነብሳል፣ ተበዳይ ካወረደለት ነገር አለቀ። ችግሩ፣ ሰፈራችን ኮብልስቶን ከተነጠፈ ወዲህ ለእርቅ የሚሆን ድንጋይ ከመንገድ አይገኝም፤ እሱን ነቅለን እንዳናመጣ የመንግሥት ነው። ተያየን። «ምን ያስጨንቃል?» አሉ ጋሽ ደጋጋ። «አልጋው ሥር ድንጋይ ሞልቶ!»

ወልዴ አልጋው ሥር ገባ፤ እግሮቹ ብቻ ቀሩ። ሲወጣ በፎጣ የተጠቀለለ፣ የቪትዝ መኪና መሪ የሚያህል ነገር እየጎተተ ነው። «አንተ! አንገትህ ይሰበራል፣ ትንሽ አምጣ እንጂ!» አልኩት።

«ለዚህ ጥፋት ትንሽ አይመጥንም» አለና ፎጣውን ገለጠው። አንገቱ ላይ አንስቼ የጫንኩለት እኔ ነኝ። «በዚህ በኩል፣ ፊቱ ወደ ላይ ይሁን» አለኝ። ያኔ ለምን እንዳለ አልገባኝም።

ለተሚካኤል ተነስታ በሁለት እጇ አወረደችው። መሬት ማስቀመጥ ነበረባት፤ አላስቀመጠችውም። ወንበሯ ላይ ተመልሳ ጭኗ ላይ አደረገችው። ከዳር ተነስቶ እየጠበበ እየጠበበ ወደ መሀል የሚዞር ትልቅ ቀንድ አውጣ ነው፣ ሸንተረሩ አንድ በአንድ የሚቆጠር። ሸንተረሩን በጣቷ ተከትላ እስከ መሀሉ ድረስ ሄደች።

«ማን ነው የጠረበው?» አለች።

«ማንም። ነፍስ የነበረው ነው። ባሕር ውስጥ ይኖር ነበር።»

«የንፍር ውሃ ነው!» አሉ ጋሽ ሃብተአብ፤ ይህቺን እንዴት እንደሰሟት እንጃ። «በኖኅ ጊዜ ነው!»

«እባክዎ፣ እርቅ ላይ ነን» አሉ ጋሽ ደጋጋ።

«ከየት አመጣኸው?» አለች ለተሚካኤል።

«መንገዱ ከተቆረጠበት ገደል። ለማውጣት ሰባት እሑድ ፈጀብኝ።»

«በጥርስ ብሩሽ?»

«በጥርስ ብሩሽ።»

«ቢሊሴስ?»

ወልዴ አቀረቀረ። «ስሟን አምጣ ሲሉኝ ነው» አለ። ሁላችንም ወደ ጋሽ ደጋጋ ዞርን። «ለእርቅ ብለን ነው» አሉና መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር።

«እሰይ! ተመስገን!» ብዬ ብድግ አልኩ። «ሴት የለችማ!» ለተሚካኤል ቀና ብላ አየችኝ። መልሼ ተቀመጥኩ።

«ጎንበስ በል» አለችው ባሏን። ጎንበስ አለ። ድንጋዩን መልሳ አንገቱ ላይ ጫነችው።

«ሴት ብትሆን ይገባኛል» አለች። «ልጅ አልወለድኩልህም። ‹እንግዲህ ምን ያድርግ› እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። ያችን ሴት ስጠላት፣ መልሼ ሳዝንላት፣ የልጆቿን ዕድሜ ሳሰላ! ለካ አንተ ገደል ሥር ብቻህን ተቀምጠህ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ እሑድ፣ አንድ ቀን፣ ‹ለተይ፣ ተነሺ እንሂድ› ብለኸኛል? በድሉን እንኳ ስትለምነው በግድግዳው ሰምቻለሁ፤ ማሞኛ መስሎኝ ነበር!»

እኔ መሬት ብትከፈትልኝ በገባሁ።

«መንገዱ ያንገላታሻል ብዬ…»

«ከአዲግራት አዲስ አበባ በአይፋ፣ ጭነት ላይ ተቀምጬ የመጣሁ ሴት ነኝ!»

ጋሽ ደጋጋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ እንግዲህ ጥፋቱ አሁን የቱ ነው?» አሉ። ወልዴ ወደ አንድ ጎን ዘመመ፤ ልደግፈው ስነሳ በእጁ ከለከለኝ።

«ፈርቼ ነው» አለ ከድንጋዩ ሥር። እንባው መሬቱ ላይ ይንጠባጠባል። «ሰው ሁሉ ይስቅብኛል፣ ይሳቅ። አንቺ ከሳቅሽብኝ ግን ሁለተኛ መሄድ አልችልም ነበር። ስለዚህ አልነገርኩሽም። ይቅር በይኝ።»

ለተሚካኤል ወደ እሱ ጎንበስ አለች። «ይሄ ነው ጥፋትህ» አለችና ድንጋዩን አወረደችለት። አንገቱን በመዳፏ አሸችው። ጋሽ ሃብተአብ «ምን አለች?» ቢሉኝ «ይቅር አለችው!» ብዬ ጮህኩላቸው።

ሰኞ የመቀሌው አውቶቡስ ያለ እሷ ሄደ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎማ እየለጠፍኩ ሳለ ለተሚካኤል ከቢሮ ስትመለስ እኔ ጋ ቆመች።

«በድሉ፣ መዶሻ አለህ?»

«ምነው፣ የወልዴ ተሰበረ እንዴ?»

«የሱማ ደህና ነው» አለች። ካሉኝ መዶሻዎች ቀለል ያለውን መርጣ እጇ ላይ መዘነችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከአዲስ የጥርስ ብሩሽ አጠገብ ከተተችው።