ለቅሶ ሊበትን የመጣው ፖሊስ

አዲስ አበባ ግርግር ከተነሣ በኋላ እኛ አሰላ ደግሞ ሰው ያለ ፈቃድ እንዳይሰበሰብ ተብሎ በገበያ ታወጀ። ለሠርግም ፈቃድ፣ ለማኅበርም ፈቃድ። ታዲያ የጎረቤቴ የእትዬ ሻሺቱ ባል የሞቱት በዚያው ሰሞን ነው። ሰውየው ፈቃድ አስወጥተው አይሞቱ ነገር!

ከሳጉሬ የመጣው ዘመድና እኛ ጎረቤቶች ድንኳን ውስጥ እንደ ተቀመጥን አንድ ወጣት ፖሊስ ዱላውን ይዞ ገባ።

«ተበተኑ! ክልክል ነው!»

እትዬ ሻሺቱ ደነገጡ፤ ባላቸውን ብቻቸውን ሊያለቅሱ ነው። ግን ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ለቅሶ ቤት ቆሞ አይወራም። መጀመሪያ ተቀመጥ» አሉት። ወግ ነውና አፈረ፤ ቆቡን አውልቆ አጠገቤ ተቀመጠ።

እኔ መቼም አፌ አያርፍም፤ «አገርህ የት ነው? እናት አባት አሉህ?» አልኩት።

«ጎንደር ነው። እናቴ በቅርቡ ሞታለች። ለለቅሶ ልሂድ ብል፣ በዚህ ጊዜ ፈቃድ የለም አሉኝ» አለ።

እትዬ ሻሺቱ ይህን ሲሰሙ የራሳቸውን ሐዘን ትተው፣ «ወይኔ ልጄን! እናቱን ሳያለቅስ!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ድንኳኑ በሙሉ አብሮ ጮኸ። ልጁም አንገቱን ደፍቶ ይንሰቀሰቅ ጀመር። ጩኸቱን የሰማ መንገደኛ ሁሉ ገባ፤ እንደዚያ ቀን ሰው ተሰብስቦ አላየሁም።

ኋላ የልጁ አለቃ፣ መቶ አለቃው፣ እየተቆጣ ደረሰ።

«አንተ! በትን ብዬ ብልክህ ተቀምጠህ ታለቅሳለህ?»

ልጁ ዓይኑን ጠረገና፣ «ጌታዬ፣ ለቅሶ ቤት ቆሞ አይወራም። መጀመሪያ ይቀመጡ» አለው።