በባል እግር የተፈተነ ቀለም

ጠብታ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላት የውበት ሳሎኑ ሴቶች ናቸው፤ ከብሩሿ ጫፍ የምትወርደው ቀለም ከእንባ ታንሳለችና። በዚያች ጠብታ አንድ ጥፍር ላይ ወፍ ከነጎጆዋ ትሥላለች። ወፏ ካላማረቻት አጥፍታ ሌላ ወፍ ታመጣለች። ችሎታዋን የሚጠራጠር አልነበረም። የጎደላት ወንበር ነው።

ሦስት ዓመት የሠራችው ከበሩ ጀርባ፣ እርጥብ ፎጣ ከሚከመርበት ጥግ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ክርኗን ይመታታል፤ የጀመረችው ጽጌረዳ ጎመን ሆኖ ይቀራል። መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ግን ብርሃን አለው፣ መንገደኛም ያየዋል። ባዶ ከሆነ ወር አልፎታል። ምን ያደርጋል፣ ባለ ሳሎኗ ወንበርን እንደ ሹመት የምትሰጥ ሴት ናት።

"ሥዕልሽ ያምራል፣ አያምርም ያለ የለም" አለቻት አንድ ቀን። "ግን በሦስተኛው ቀን ይላጣል። ደንበኛ እኮ ከዚህ ወጥታ ዕቃ ታጥባለች። እስቲ አማቴን ሥሪልኝ። ስምንት ቀን ከቆየ ወንበሩ ያንቺ ነው። ካልቆየ ከበሩ ጋር ታረቂ።"

በሳሎኑ አማትየዋን የማያውቅ የለም። እማማ ድጋሚ ይባላሉ፤ ከጀርባቸው ነው እንጂ ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ። የታጠበ ብርጭቆ ደግመው ያጥባሉ። ምራታቸው ያጠበችው ከሆነ ሦስተኛ ዙር አለው። እጃቸው ከውሃ የሚወጣው ለጸሎትና ለሐሜት ብቻ ነው ይባላል፤ ለጸሎቱም ሁልጊዜ አይወጣም።

ጠብታ ቤቷ ገብታ ቀለም መምረጥ ያዘች። ቀለም መምረጥ ሲባል ቀይ ይሻላል ሰማያዊ የሚመስለው ብዙ ነው። ነገሩ ወዲህ ነው። ተራው ኩቴክስ ለመቀባት እንጂ ለመሣል አይሆንም፤ ብሩሽ ላይ እንዳለ ይወፍርና እንደ ማር ይጎተታል። ጄል የሚባለው የጥፍር ቀለም ታጋሽ ነው፣ ማድረቂያ መብራቱን ካላየ አይደርቅም፤ መብራቱ ግን የሚኖረው ባለ ሳሎኗ መሳቢያ ውስጥ፣ በቁልፍ ነው። ሠዓሊዎች የሚሠሩበት የቱቦ አክሪሊክ በውሃ ሲቀጥን ፀጉር የምታህል መስመር ይወጣዋል። ጠላቱም ያው ውሃው ነው፤ ላዩ በደንብ ካልተሸፈነ ተልጦ ይሄዳል።

ታፔላ ጻፊው ታላቅ ወንድሟ ይህን ሰምቶ አንድ ቆርቆሮ የዘይት ቀለም ይዞ መጣ።

"የሥጋ ቤቱን ታፔላ በዚህ ነው የጻፍኩት። አሥር ዓመት ዝናብ ደበደበው፣ አንድ ፊደል አልወደቀም።"

"የሰው ጥፍር እኮ ነው፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ከቆርቆሮ ይበልጣል እንዴ?"

ሁሉም ይሞከር ተባለ። የሚሞከርበት ደግሞ ባሏ ነው፤ መዝገብ ቤት የሚሠራ፣ ዝምተኛ፣ ከእሱ ፈቃድ መጠየቅ ከተረሳ የቆየ ሰው። በአሥሩ የእግር ጥፍሮቹ ላይ አሥር ዓይነት አቀባብ አረፈ። ጠብታ እያንዳንዱን ደብተሯ ላይ ጻፈችና "እንደ ወትሮህ ታጠብ፣ ምንም እንዳትለውጥ" አለችው። ሰውየው ሳምንቱን በዚያ ሙቀት ካልሲውን ሳያወልቅ ቢሮ ዋለ። አለቃው እግሩን የታመመ መስሎት ፈቃድ ሊሰጠው ቃጣው።

በሰባተኛው ቀን ካልሲው ወለቀ። አሥሩም እንደተቀቡ ናቸው። ጠብታ ደስታዋን ሳትጨርስ ጥርጣሬ ያዛት፤ ክፉ ዓይን ሲያየው የሚላጠው ርካሹ ኩቴክስ ሳይቀር ያበራል።

"አንተ፣ እግርህን ታጥበሃል?"

"ታጥቤያለሁ።"

"እንዴት አድርገህ?"

መሬት መሬት አየ። "በፌስታል።"

"በምን?"

"እግሬን በፌስታል አስሬ ነዋ። ያን ያህል ለፍተሽበት ውሃ ሲወስደው ማየት አልቻልኩም።"

ሌላ ሴት ብትሆን እንዲህ ያለ ፍቅር ስታይ ታለቅስ ነበር። ጠብታም አለቀሰች፤ በንዴት።

የእማማ ቀጠሮ ከነገ ወዲያ ነው። ስለዚህ በማግስቱ ባልየው ከጠዋት ጀምሮ በረንዳው ላይ፣ ሁለት እግሩን የሳሙና ውሃ በሞላው ሳፋ ነክሮ ዋለ። ጠብታ በየሰዓቱ እየመጣች በዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ትፈትገዋለች። በግቢው ያለፈ ጎረቤት ሁሉ ይቆማል።

"ምነው፣ እግርህን አመመህ?"

"አይ፣ ሥራ ላይ ነኝ።"

"ደግ ሥራ ነው። ክፍት ቦታ ካለ ንገረኝ።"

ከሰዓት በኋላ ፍርዱ ወጣ። የወንድሟ የዘይት ቀለም እንደ ተቀቀለ ቲማቲም ልጣጭ ሙሉውን ተገፎ ሳፋው ላይ ተንሳፈፈ። ኩቴክሱ ተሸራረፈ። የቱቦው ቀለምም ቢሆን በአብዛኛው ጣት ላይ ከጫፍ ከጫፉ ተነሣ። የግራ እግር ትንሿ ጣት ብቻ ንቅንቅ አላለችም። ደብተሩ ሲገለጥ እንዲህ ይላል፦ ጥፍሩ አስቀድሞ በኩቴክስ ማስለቀቂያው በአሴቶን ተጠርጎ ቅባቱ ወጥቷል፤ የቱቦ ቀለም በስሱ፤ ሲደርቅ ቀለም አልባው የኩቴክስ መሸፈኛ ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛው የጥፍሩን ጫፍ ዞሮ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ከአሥሩ ቁም ነገረኛዋ ታናሿ ሆና ተገኘች።

እማማ ድጋሚ በቀጠሯቸው መጡ።

"አበባ እንዳትሥይብኝ፤ ከሩቅ ሲያዩት ቆሻሻ ይመስላል።"

"ታዲያ ምን ልሥልልዎት፣ እማማ?"

አሰቡ፣ አሰቡና "የሳሙና አረፋ" አሉ።

ውሃ ሰማያዊ መደብ ላይ ነጫጭ አረፋዎች፣ አንዱ ከሌላው ሥር እየሾለከ፣ አሥሩም ጣት ላይ ተሣለ። ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ጠብታ ምክንያት እየፈለገች በእማማ ደጅ ስድስት ጊዜ አለፈች። ስድስቱንም ጊዜ የሰማችው የውሃ ድምፅ ነው።

በስምንተኛው ቀን ባለ ሳሎኗ መነጽሯን አድርጋ፣ ደንበኛ ሁሉ እያየ የአማቷን ጣቶች አንድ በአንድ ገለበጠች። ዘጠኙ እንደነበሩ ናቸው። የቀኝ እጅ አውራ ጣት ላይ ግን አንዲት አረፋ ግማሿ የለችም።

"ዘጠኝ አሥር አይደለም" አለች መነጽሯን እያወለቀች።

ጠብታ በርጩማዋን ወደ በሩ መጎተት ጀመረች።

"ቆዪ፣ ልጄ" አሉ እማማ። "የዚችን አረፋ ነገር እኔ ልንገራችሁ። ማክሰኞ ዕለት የምራቴን ድስት አነሣሁ። ድስት ስል እንግዲህ እናንተው ገምቱ። የያዘውን ቃጠሎ በሽቦ ብለው፣ እምቢ። በቢላ ብለው፣ ቢላው ተጣመመ። በኋላ በአውራ ጣቴ ገባሁበት።"

ፀጉር ማድረቂያ ሥር የነበሩት ሁለት ሴቶች ማሽናቸውን አጠፉ።

"የመቼ ቃጠሎ ነው፣ እማማ?" አለች አንደኛዋ።

"የላይኛው የዚህ ዓመት ነው። የታችኛው ከሠርጋቸው ወዲህ ሳይሆን አይቀርም። ገና አልደረስኩበትም።"

"ውሰጂው" አለች ባለ ሳሎኗ።

"ምኑን?" አለች ጠብታ።

"ወንበሩን ነዋ። አሁኑኑ ውሰጂው፤ ሌላ ወሬ አያስፈልግም።"

ጠብታ ብሩሾቿንና ቱቦዎቿን መስኮቱ ሥር ስትደረድር እማማ ከድስቱ ወሬ ወደ መጥበሻው ተሻግረው ነበር።