የ«ከርሞ» አዘጋጅ

መብራት ጠፍቶ ሰንብቶ ድንገት ሲመጣ የኔ ፎቶ ኮፒ ማሽን እንደታመመ በሬ ይንቀጠቀጥና መጀመሪያ የሚያወጣው ወረቀት አይደለም፣ ሽታ ነው፤ አፍንጫ ገብቶ ምላስ ላይ የሚቀመጥ የጋለ ቀለም ሽታ። ደንበኛው በር ላይ ቆሞ «ኧረ ወንድሜ፣ መኪና ሊያመልጠኝ ነው!» እያለ መታወቂያውን ያውለበልብብኛል፣ እኔ ግን ያ ሽታ አንዴ ከያዘኝ ላሊበላ መናኸሪያ አጠገብ ያለችው የቆርቆሮ ሱቄ ውስጥ አልገኝም። ትምህርት ቤታችን ጓሮ ነኝ፣ መስኮቷ በካርቶን በተደፈነች የማባዣ ክፍል ውስጥ፣ ቲቸር አስረስ እጅጌያቸውን ሰብስበው የማባዣውን እጀታ ያዞራሉ፣ ወረቀቱ እርጥብ እርጥቡን ይወጣል፣ እኛ ደግሞ እንዳይጣበቅ እንደ ልብስ ዴስክ ላይ እናሰጣዋለን፤ እጃችን እስከ ክርናችን ጠቁሮ፣ ቤት ስንገባ ተገርፈን።

ቲቸር አስረስ የፊዚክስ አስተማሪያችን ነበሩ። እሱ ለደመወዙ ነው። ዋናው ሥራቸው «ከርሞ» የምትባል መጽሔት ማዘጋጀት ነበር፤ ያልመጣ ዘመን ታሪክ ብቻ የምታወጣ፣ ስለ መንኮራኩር፣ ስለ ሮቦት፣ ጨረቃ ላይ ስለሚዘራ ገብስ። ልብ በሉ፣ ይኼ ላስታ ውስጥ ነው። ከተማው በሙሉ የሚኖረው ባለፈው ነው፤ ፈረንጁ የሚመጣው ያለፈውን ሊያይ፣ አስጎብኚው የሚበላው ካለፈው፣ እኛም ስንተዋወቅ «የማን ልጅ ነህ?» ነው የምንባባለው። እሳቸው ብቻ ነበሩ ፊታቸውን ወደዚያኛው ያዞሩት።

ያዞራቸውም ንዴት ነው። ሆቴል አስተናጋጅ የነበረው ወንድማቸው አንድ እንግዳ ትቶት የሄደውን የእንግሊዝኛ የጠፈር ታሪክ መጽሔት ያመጣላቸዋል፣ እሳቸውም መዝገበ ቃላት ይዘው ከዳር እስከ ዳር ያነቡታል፣ ሰዎቹ እስከ ኮከብ ሄደው፣ ከዚያም አልፈው፣ ቤት ሠርተው፣ ተጋብተው፣ ተጣልተው፣ አንድ የኛ ሰው የለም። «ምን ሆነን አለቅን? ማን ቀበረን?» ይሉን ነበር ክፍል ውስጥ፣ ጠመኔውን ወደኛ እየቀሰሩ፣ እኛ የቀበርናቸው ይመስል። በዚያው ንዴት «ከርሞ»ን ጀመሩ፤ እኔ ስደርስ መጽሔቷ ከኔ ታላቅ የሆኑትን ሁሉ አንድ ጊዜ ሰድባ ጨርሳ ነበር።

ስድቡን እዚህ ካልነገርኳችሁ ሰውዬውን አታውቋቸውም። ቲቸር አስረስ ልጅ ሆነው ከአሸተን ማርያም ቁልቁል አንድ ቅኔ ቤት ተምረዋል፣ ወደ አስኳላ የገቡት ጎርምሰው ነው፣ እና የጠፈር ታሪክ የሚቀበሉት ልክ ቅኔ እንደሚቀበሉ ነበር። ወረቀትህን ከእጅህ አይወስዱም። ቆመህ ታነባለህ፣ እሳቸው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ከተበላሸ «ቆይ!» ይሉሃል፣ ያኔ አለቀልህ። ካማረ ደግሞ እንደ ቅኔ ቤቱ «ይበል!» ይላሉ። ይላሉ ተብሎ ይወራል ማለቴ ነው። እኔ በጆሮዬ አልሰማሁም።

አንዲት የክፍላችን ልጅ ማርስ ላይ ሰርግ ደግሳ መጣች። «ቆይ!» አሉ። «ማርስ ላይ አየር የለም፣ ጠጅ ግን አለ። አየሩን ሳታመጪ ጠጁን አመጣሽው። እንግዶችሽ የወደቁት ሰክረው አይደለም ልጄ፣ ታፍነው ነው።» ልጅቷ እስክታለቅስ ሳቀች፣ ታሪኩን አስተካክላ ስታመጣው አወጡላት፣ ከዚያ መጨረሻ ገጽ ላይ «ፍርድ» የምትል አምዳቸው ውስጥ እንደገና ገነጣጠሉት። እንዲህ ነበሩ። ራሳቸው መርጠው ያወጡትን ራሳቸው ያርዱታል፣ የራሳቸውንም ታሪክ ጭምር፤ አንዴ «ይኼ ጸሐፊ ፊዚክስ ያስተምራል ይባላል፣ ተማሪዎቹን እግዜር ይርዳ» ብለው ስለራሳቸው ጽፈዋል። ባጃጅ ነጂው፣ ዲያቆኑ፣ የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ፣ ሁሉም «ከርሞ»ን የሚያነበው ከኋላ ጀምሮ ነው።

እኔን የገደሉኝ በፍላቂት ነው። የጠፈር መርከብ ፍላቂት ገበያ መሀል አሳርፌ ሕዝቡን በሙሉ አስፈረጠጥኩት። «ቆይ! የፍላቂት ሰው ገብሱን ጥሎ ሸሸ? ገብሱን ጥሎ? መርከቧን ነው የሚያስነሷት፣ ቦታችን ነው ብለው!» ክፍሉ ተንጫጫ፣ እኔ ነደድኩ፣ ቤቴ እስክደርስ ድንጋይ እየለጋሁ ሄድኩ፣ ግን ልክ ነበሩ፣ የሚያናድደውም ይኼው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ሆነ፤ ከዚያ ሰውዬ አፍ አንድ «ይበል» ማውጣት። አባቴ በግ ሽጥ ሲለኝ እሱን ነው የማስበው፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ይቅር ይበለኝ እሱን ነው የማስበው።

አሥረኛ ክፍል ስንደርስ ወረቀት ጠፋ። ትምህርት ቤቱ አልሰጥም አለ፣ ያኔ ጥቂት አስጎብኚዎች መጡና ወረቀቱን እኛ እናመጣለን፣ ብቻ አብያተ ክርስቲያናቱን የጠፈር ሰዎች ናቸው የፈለፈሉት የሚል ታሪክ አውጡልን፣ ፈረንጅ ይወደዋል አሉ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንዴት አድርጌ እንደጻፍኩት! ብርሃኑ፣ ማሽኑ፣ ዓለቱ እንደ ቅቤ ሲቆረጥ። ቆሜ አነበብኩ፣ «ቆይ» ሳይሉኝ ግማሽ ደረስኩ።

«ቆይ» አሉ፣ አልጮኹም። «መላእክት ረድተዋል ይባላል፣ እኔም አምናለሁ። መላእክት ግን መሮ የያዘውን ሰውዬ አላባረሩትም። ያንተዎቹ መጥተው መሮውን ቀሙት። የኛን ሰው ከሚመጣው ዘመን ፈረንጅ አስወጥቶት ነበር፣ ካለፈው ደግሞ አንተ ልታስወጣው ነው?»

«ቲቸር፣ ይኼ ካልወጣ እኮ መጽሔቷ ሞተች!» አልኳቸው።

«ትሙታ» አሉ፣ ጋቢያቸውን አራግፈው ተነሡ።

ሞተች። ማባዣው ፈተና ብቻ ማባዛት ጀመረ፣ እሳቸው ወደ ሚስታቸው አገር ወደ ወገል ጤና ተዛወሩ፣ እኔ ትምህርቱን ጥዬ ወጣሁ። ከዚያ የመጣው መጣ፣ የሄደው ሄደ፣ ጦርነቱም አለፈብን፣ ፈረንጁም ቀረ። መጻፌን ግን አልተውኩም፤ ማታ ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ፣ ቴሌግራም ላይ እለጥፋለሁ፣ ሰው «ጀግና» ይለኛል፣ እኔ ውስጤ ይበላኛል።

በቀደም ታዲያ አላስቻለኝም፣ አንድ ታሪክ በደንብ ጻፍኩና ሱቄን ቆልፌ በጋሸና አድርጌ ወገል ጤና ሄድኩ። ታሪኩ ውስጥ አንድ ነገር ሆን ብዬ አስገብቻለሁ፤ መጀመሪያው ላይ ሞቶ የተቀበረ ሰውዬ መሀል ላይ ተቀምጦ እራት ይበላል። እንዲጮሁብኝ ነው። አንድ ጊዜ «ቆይ!» ይበሉኝ፣ ይስደቡኝ፣ ከዚያ አስተካክዬ ያቺን ቃል አወጣታለሁ ብዬ ነው።

ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ቀጥነዋል። ልጃቸው «አባዬ፣ የላሊበላ ተማሪህ ነው» ብላ ጮኻ ነገረቻቸው፣ ፈገግ ብለው እጄን ይዘው «እንዴት ከረምክ ልጄ፣ እንዴት ከረምክ» አሉኝ፣ ደጋገሙት። ወንበር ቢያመጡልኝም አልተቀመጥኩም። ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። ጋቢውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አንድ አረፍተ ነገር እንዳነበብኩ «ይበል!» አሉ።

ሁለተኛውን አነበብኩ። «ይበል!» ሦስተኛውን ሳልጨርስ «ይበል ልጄ፣ ይበል!» ገና ምን ሰምተው? ሰውዬውን ገደልኩት፣ ቀበርኩት፣ «ይበል»። ማዕዱ ጋ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግኩ፣ ቀስ አልኩ፣ የሚበላው ማን እንደሆነ ስሙን ሁለት ጊዜ ጠራሁት፣ ቀና ብዬ አየኋቸው። ፊታቸው ላይ አንድም የሚያቅማማ ነገር የለም።

«ይበል» አሉ፣ በዚያው ድምፅ። ስጨርስ ራሴን ዳስሰው «በርታ» አሉኝ።

ልጃቸው እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። «አሁን ለሁሉም እንዲያ ነው የሚለው» አለችኝ። «ጎረቤት ሕፃን ሀሁ ሲቆጥርም ይበል ይለዋል። ደስ አይልም?»

«ደስ ይላል» አልኳት።

ጋሸና ላይ መኪና ስጠብቅ ታሪኩን እንዳለ ለጠፍኩት፣ ምንም ሳልነካ። ሱቄ ስደርስ ስልኬ በልብና በእሳት ምልክት ተጥለቅልቋል፣ «ብዕርህ ይባረክ» ይላል አንዱ፣ «ቀጣዩ መቼ ነው?» ይላል ሌላው። ሁሉንም አንድ በአንድ አነበብኩ፣ አሁንም በየቀኑ እየገባሁ አያለሁ፣ «ቆይ» ያለኝ የለም። የቀበርኩት ሰውዬ እስካሁን እራቱን እየበላ ነው።